ከጣሪያ የወረደ ጨው

መስከረም 28

ጠዋት ውሃ መጣች። ጄሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ሞላሁ። ወገቤ እምቢ አለ እንጂ የሻይ ብርጭቆም አላስቀርም ነበር።

ከሰዓት ነፊሳ ሱቅ ወርጄ ወሬ ስንሰልቅ ቆየን። ልጇ ረሻድ ሊያገባ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ። ሙሽሪት የወራቤ ልጅ ናት። ቀጭን ናት ትላለች ነፊሳ። ገና ሳትገባ ቀጭን ናት! በዚህ ኑሮ ማን ወፍሮ አየች? ለእሷም እንዲሁ አልኳት። ሳቀች። ነፊሳ ስትስቅ ሱቁ ይንቀጠቀጣል።

ማታ ሮቤራ መጣ። የልጄ ልጅ። ልጄ አዳማ ስታገባ አልሰጥም ብዬ ያስቀረሁት፣ እኔው ያሳደግኩት። አሁን ሜክሲኮ አንድ ቢሮ ሒሳብ ይሠራል። ሴት ይዞ ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ መስታወት ተሸክሞ መጣ።

ምንድን ነው አልኩት።

«ሳምፕ ልሠራ ነው እማዬ።»

ሻምፑ? ከነፊሳ ሱቅ አትገዛም? በሳቅ ሞተ። ሻምፑ አይደለም፣ ሳምፕ ነው። የዓሣ ውሃ ማጣሪያ ነው። የባሕር ዓሣ ሊያመጣ ነው፣ በጨው ውሃ የሚኖር። ይበላል? አይበላም። ይሸጣል? አይሸጥም። ታዲያ ምን ሊያደርግልህ?

ለማየት አለ።

ለማየት… እኔን ማየት ሰልችቶት ይሆን?


ጥቅምት 2

ቡፌዬ ከቦታዋ ተነሳች። ከፈረሰው ጭቃ ቤቴ ያመጣኋት ቡፌ። አሁን መኝታ ቤት አልጋዬን ተደግፋ ቆማለች። ለመተኛት በጎን መግባት ነው… እንደ ታክሲ ረዳት።

በቦታዋ ብረት ቆመ። በብረቱ ላይ ትልቁ የዓሣ መስታወት። ከሥሩ ደግሞ ትንሹ፣ ሳምፕ የሚለው። እሱን ራሱ ነው የሚሠራው። መስታወቱን ጌጃ ሰፈር አስቆርጦ መጥቶ በሲልከን እያጣበቀ ነው። ቤቱ ሲልከን ሲልከን ይላል። ኮምጣጤ የጠጣ ሰው የተነፈሰብኝ መሰለኝ።

አስረዳኝ ብዬው አስረዳኝ። ዓሦቹ ያቆሸሹት ውሃ ከላይኛው በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ታች በመስታወት የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉ። አንደኛው ውስጥ ቆሻሻ የሚይዝ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ስፖንጅና ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ፓምፕ። ፓምፑ የጠራውን መልሶ ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ ሲዞር ይኖራል።

ገባኝ። ላይኛው ሳሎናቸው ነው፣ ታችኛው ሽንት ቤታቸው አልኩት።

ተቀየመ። ሦስት ወር አጥንቶበታል አሉ። እኔን ሦስት ወር ቢያጠናኝ ኖሮ ወገቤን የሚያመኝ የትኛው ጎን እንደሆነ ያውቅ ነበር።


ጥቅምት 5

ሲልከኑ እስኪደርቅ መስኮት አይዘጋም ተብሏል። ብርዱ ገባ። ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ… በራሴ ሳሎን።


ጥቅምት 9

ነፊሳ የዓሣውን ቤት ልታይ መጣች። ደረጃ ስትወጣ ነው ትንፋሿ የሚሰማው። ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ እኔ ሦስተኛ። ከሥሬ ናት፣ ልክ ከሥሬ። ድሮ አጥራችን አንድ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ዕጣ ሲወጣ አንዷን ከአንዷ ላይ ጣለን። ያን ቀን ሁለታችንም እልል ብለናል።

ሮቤራ ሳምፑን በተራ ውሃ እየሞከረ ነበር። ነፊሳ ጎንበስ ብላ አየች። ይሄ ሁሉ ቱቦ ለዓሣ ነው? እኔ ኩላሊቴን ስታመም እንዲህ ያለ ቱቦ ያመጣልኝ አጣሁ አለች። ጨው ከሱቋ እንዲወስድ ነገረችው። እሱ ደግሞ አይሆንም፣ የሱቅ ጨው ይገድላቸዋል፣ ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ከዱባይ ይመጣል አላት።

ለሰው የሚሆን ጨው ለዓሣ አነሰ? አለችና ጆሮውን ቆነጠጠችው። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ጆሮ። ዝም ብሎ ተቆነጠጠ። ምን ያድርግ፣ እናቱ ናት። ልጄ ወልዳ ታማ ጡቷ ሲደርቅ ነፊሳ ናት ያጠባችው። ረሻድን በአንዱ ጡት፣ ሮቤራን በአንዱ። በእነሱ ሃይማኖት ያጠባች ወለደች ነው። እማ ነፊሳ የሚላት ለዚህ ነው።

ወለሉ ላይ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ስቆጣው ሰምታ፣ ማናለብሽ ብለው ስም ያወጡልሽ ተሳስተው ነው አለችኝ።

«ከሥርሽ እኔ አለሁብሽ።»

ሻይ ጠጥታ ወረደች።


ጥቅምት 12

ለብረቱ እግር መጋረጃ ሰፋሁለት። ታችኛው መስታወት፣ ቱቦው፣ ገመዱ ሁሉ ሲታይ ያስጠላል። የአሮጌ አልጋ ልብስ ጨርቅ ነው፣ አበባ ያለው። አሁን ሰው ቤት መሰለ። ሽንት ቤት መሸፈን አለበት።


ጥቅምት 17

ዓሦቹ ገቡ። ጓደኛው ጃርሶ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ እሱ ነው ያመጣቸው። በላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ በካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ በጃርሶ ጉልበት ላይ። ለእናቱም እንዲህ አልተጠነቀቀ።

ሁለት ናቸው። ብርቱካንማ፣ ነጭ ነጭ መቀነት ያለባቸው። አንዷ ዓይን አፋር ናት፣ ድንጋዩ ሥር ተሸጎጠች። ሌላው ይንጎራደዳል… ባል መሆን አለበት።

ሮቤራ ሲያያቸው ዋለ። ዓይኑ እንባ ያዘ ልበል? ምን እንደሆነ እንጃ። እሺ… ያምራሉ። አልዋሽም። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።


ጥቅምት 21

ጦር ኃይሎች ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ስደርስ መጣ። በሩን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ሮቤራ እጅጌውን ሰብስቦ ሳሎኑን ይወለውላል! የባልዲው ውሃ ጠቁሯል። ምንጣፉን አውጥቶ በረንዳ ላይ ሰቅሎታል።

በሕይወቴ ወንድ ልጅ ሳይነገረው ወለል ሲያጥብ አላየሁም። ጌታዬ፣ ዓሣ ማርባት ጭንቅላት ያሰክናል ማለት ነው? ወርጄ ለነፊሳ ነገርኳት። አላመነችም። ማዪልኝ አለች።

ሮቤራ ይሙት አልኳት።

ፊቷን አጠቆረች። በወለል ምክንያት ልጁን አትግደይብኝ አለች። እኔ ግን ሳልዋሽ ነው የማልኩት። ሮቤራ ይሙት ካልኩ ካልኩ ነው፣ በውሸት ብዬው አላውቅም። እሷም ታውቃለች።

ማታ ፎጣዬን ፈልጌ አጣሁት። ትልቁን፣ የገላ።


ጥቅምት 27

መብራት በየቀኑ እየሄደ ይመጣል። ስንት ሻማ እንደጨረስኩ አልቆጥርም ብያለሁ።

ነፊሳ መጣች። የሳሎኗ ጣሪያ ላይ ውሃ ምልክት አውጥቷል፣ ጥግ ላይ። አንዳንዴ ጠብ ጠብ ይላል። ሥሩ የሙሽሮቹ ፍራሽ ነው ያለው፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። እንደ መግደርደር እያለች ነው የነገረችኝ። ከእናንተ ይሆን ማንዬ? አለች።

ሮቤራን ጠየቅኩት። አይደለም አለ ቶሎ። የኮንዶሚኒየም ቱቦ ነው፣ ከግድግዳ ውስጥ ይሆናል፣ የሁሉም ብሎክ ችግር ነው አለ። እውነቱን ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉትስ ባለፈው ዓመት በእኔ ኩሽና ዝናብ አዝንበውብኝ የለ?

እንዲሁ ብዬ ነገርኳት። እሺ አለች። ፍራሹን ወደ ሌላው ጥግ ስበን አስጠጋነው፣ እኔና እሷ። ሁለት አሮጊት አንድ ፍራሽ ስንጎትት… ሙሽሮቹ ቢያዩን ብለን ስንስቅ ወገቤ ተያዘ።


ጥቅምት 30

ሮቤራ ከሥራ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውላል። ምነው? ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል አለ።

እኔ ደረጃ ስወጣ አየር ሲያጥረኝ የደወለ የለም።


ኅዳር 1

የልደታ ዕለት። ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ነጠላዬን ሳላወልቅ በር ተንኳኳ። ነፊሳና ሁመድ። ሁመድ የብሎካችን ኮሚቴ ነው። ሰው ደረጃ ላይ ሙዝ ልጣጭ ጣለ ብሎ ሳምንት የሚያኮርፍ።

የነፊሳ ጣሪያ ብሶበታል። ውሃው ከየት እንደሆነ ካልታወቀ የመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ ተሰብሮ ቱቦው ይታያል ተባለ። ሰርጉ ደርሷል፣ እንግዳ ይመጣል፣ መስበር አትፈልግም። ከመስበራችን በፊት እንጠይቅ ብላ ነው። በትሕትና ነው የጠየቀችው፣ ልዋሽባት አልችልም። ሁመድ ነው ነገሩን ያበላሸው። በጣቱ ዓሦቹን አሳየና ይሄስ አለ።

ይሄስ! ደሜ ፈላ። የልጄን ሥራ እንደ ቆሻሻ በጣት… ሦስት ወር ያጠናበትን። ወለሌን እዩ አልኳቸው፣ ደረቅ ነው፣ አጎንብሳችሁ ዳብሱ። ሁመድ እውነትም ሊዳብስ አጎነበሰ። ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ።

«ሮቤራ ይሙት፣ ከዚህ ቤት አንዲት ጠብታ አልወረደችም።»

ልጁ ከኋላዬ ቆሟል። የዓሣውን ምግብ ቆርቆሮ በእጁ ይዞ።

ነፊሳ እጇን አፌ ላይ አደረገች። በቃኝ ማንዬ፣ ለምን ትጠሪዋለሽ አለች። ሁመድን እንዲነሳ ነገረችው። ማንዬ በዚህ ልጅ በውሸት አትምልም፣ ግድግዳው ይሰበር አለች።

ሄዱ። ሮቤራ ራት አልበላም። ሆዴን ነው አለ። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠሁት።


ኅዳር 4

ከሥር መዶሻ ሲወርድ ዋለ። የነፊሳን መታጠቢያ ቤት እያፈረሱ ነው። ይሄን ቱቦ የቀበረ ሰው እጁ ይሰበር! ምስኪን። ሰርግ ደርሶባት…


ኅዳር 6

ፊደሉ ተጣመመ።

ቱቦው ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው ሙሉ ተሰብሮ፣ ሴራሚኩ ረግፎ፣ ውስጡ ደረቅ። የጣሪያው ጥግ ግን ይንጠባጠባል። ዙሪያውን ነጭ ነገር አውጥቷል። ሁመድ ኖራ ነው፣ ከሲሚንቶው የሚወጣ ነው ብሏታል። ነፊሳ ቀና ብላ ስታይ ከንፈሯ ላይ ጠብ አለ።

ይሄን ሁሉ ቆይታ ነው የነገረችኝ። መጀመሪያ የነገረችኝ አንድ ቃል ነው። በሩን ከፈትኩላት፣ የሻይ ብርጭቆ ይዛለች፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ውሃ አለ።

«ቅመሺ።»

ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀመስኩ። ነፊሳ ከሰጠችኝ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

ጨው። ድፍን ጨው።

አልፋኝ ገባች። በላይኛው መስታወት ጣቷን ነክራ ላሰች። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ነው ስለ ቱቦው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ከንፈሯ የነገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር። ፍራሹም በዛኛው ጥግ በስብሷል፣ ውሃው በወለል ተከትሎት ሄዷል። እኔ ቆሜአለሁ። አፌ ውስጥ ጨው አለ።

«እኔ ያጠባሁትን ልጅ ለዓሣ ውሃ ገደልሽው።»

አላወቅኩም ልላት ስል ወጥታለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

መጋረጃውን ገለጥኩ። እኔው የሰፋሁትን። ከብረቱ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ፎጣዬ። የገላ ፎጣዬ። ሌላም ጨርቅ፣ ሌላም ጨርቅ። ሁሉም ርሶ፣ ጠርዙ በጨው ነጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። ሴራሚኩ መጋጠሚያው ለቋል። በየት ሄደ እንዳልል መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባላል። ይሄኛው ጣፍጦ ነው እኔን ያስወረወረኝ።


ኅዳር 6፣ ማታ

መጣ። ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሮቤራን ጠበቅኩት። አየው። ተቀመጠ።

ሁሉንም ተናገረ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ ባልታሰበው ቱቦ፣ ፓምፑ በሚገፋበት በራሱ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ታችኛው መስታወት ለዚህ አይበቃም፣ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ የፈሰሰው ለቅሶ የሄድኩ ዕለት ነው። ወለል ያጠበ ዕለት! እኔ ለነፊሳ የፎከርኩበት ዕለት።

ለምን አልነገርከኝም? ያስነሱብኛል ብዬ ፈራሁ አለ። አስተካክለዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው አለ።

ይሁን። ሰው ይፈራል። ልጅ ይደብቃል። እሱን አልፈዋለሁ። ያን ቀንስ? በስምህ ስምል ከኋላዬ ቆመህ አልሰማህም? አንተ ሙት ስል?

«አባባል ነው ብዬ ነው እማዬ። ሁሉም ሰው እገሌ ይሙት ይላል። ሰው በቃል አይሞትም እኮ።»

«በቃል የማይሞት ከሆነ ‘እኛ ነን’ የምትለዋ ቃልም አትገድልህም ነበር።»

ዓሦቹ ይዋኛሉ። እነሱ ምን አለባቸው…

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ውረድና እኔ እንዳላወቅኩ ንገራት። ጣሪያውን ቀባህ አልቀባህ፣ ፍራሽ ገዛህ አልገዛህ የራስህ ጉዳይ ነው። ይቺን ግን ንገራት። ማናለብሽ አላወቀችም በላት።

እሺ አለ። አለቀሰም።


ኅዳር 7

ዓሦቹን አስነሳ አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት እንጃ። ቢቀጣበት አይሻልም ነበር? ሲያለቅስ ሳየው ግን… ምን ዓይነት ሴት ነኝ?


ኅዳር 9

ሳምፑን አስተካከለው። ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ ዝቅ ብሎ፣ ሚስማር የማታክል ቀዳዳ በሳበት። ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ ቀዳዳዋ አየር ትስባለች፣ አየር ስትስብ መመለሱ ይቆማል። ታችኛውንም ውሃ ቀነሰለት።

ቆጣሪውን አጥፍቶ አሳየኝ። ፓምፑ ጸጥ አለ። ውሃው ትንሽ ወረደ፣ ቆመ። አንድ ጠብታ አልወጣም። አየሽ እማዬ ይላል።

አየሁ። ሚስማር የማታክል ቀዳዳ ነው የጎደለው። ነፊሳን ያጣሁት በዚያች ነው።


ኅዳር 14

ቅዳሜ። ቀለም ገዝቶ ወረደ። የነፊሳን ጣሪያ ፍቆ ቀባ፣ ግድግዳዋን አስደፈነ፣ አዲስ ፍራሽ አስመጣ። ሲመሽ ተመለሰ፣ ፀጉሩ ነጭ በነጭ ሆኖ። ራት ላቅርብ ስል ጠግቤአለሁ አለ። እማ ነፊሳ አብልታኛለች። በእጇ አጉርሳኛለች።

አጉርሳኛለች… ደስ አለኝ። እውነት ነው፣ ደስ አለኝ።

ነገርካት?

«ነግሬያታለሁ እማዬ።»

ፊቱን እየታጠበ ነው የመለሰልኝ።

እንግዲህ ነገ ትመጣለች።


ኅዳር 15

አልመጣችም። እሑድ ነው፣ ሱቅ ይበዛባታል።


ኅዳር 18

ደረጃ ላይ ትንፋሿን ሰማሁ። በሩን ከፈት አድርጌ ቆምኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁልፍ ተንኮሻኮሸ። ዘጋሁት።


ኅዳር 22

ሮቤራ ሚዜ ሊሆን ነው። ረሻድ ራሱ ጠይቆት፣ ነፊሳ ከወንድምህ ሌላ ማን ሊቆምልህ ብላ። ሱፍ ሊያሰፋ ነው። ቤቱ ውስጥ እየዘለለ ነው። አንዷ ዓሣ፣ ዓይን አፋሯ፣ እንቁላል ጥላለች ብሎም ሌላ ዝላይ። ሶፊ የምትባል የቢሮው ልጅ ልታያቸው መጣች። እንዴት ያምራል አለች፣ ራስህ ሠራኸው? ራሴ አለ።

እኔን ለሰርጉ የጠራኝ የለም። ነፊሳ ልትጠራኝ ይገባል እንዴ? ሰው የቤቱን ሰው ይጠራል? ቆይ… ለዚያ ይሆናል። ለዚያ ነው።


ኅዳር 28

ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ማን ያነበዋል። ይሄን ልጽፈው።

ዛሬ ወረድኩ። መጠበቁ ጨረሰኝ። ትሬዬን ይዤ፣ ቢላዬን ይዤ። ሰርግ ነው፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ የማን ሰርግ ላይ ነው እኔ ያልከተፍኩት? የነፊሳን ትልቋን ልጅ ስንድር ዓይኔ ሳምንት አብጧል። ሱቁ ውስጥ ነበረች፣ ብቻዋን። ሽንኩርቱን ለእኔ ተይው ነፊሳ፣ ዛሬ ልጀምረው አልኳት። እንደ ድሮው፣ እንደ ቀላል።

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች፣ ለደንበኛ እንደሚፈገገው።

«አይድከሙ።»

ማንን ነው? ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ሰው የለም። እኔን ነው። አይድከሙ! ጭቃ ቤት ሳለን በአጥር ቀዳዳ እሳት የተቀባበልን፣ ምጧን ይዤላት እየነከሰችኝ አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት… አይድከሙ። ለሽማግሌ። ለመንገደኛ። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ለአንቱታ ምን መልስ አለው?

ነፊሳ ሮቤራ ነግሮሻል አይደል አልኳት።

ነግሮኛል አለች። ሚዛኑን እየወለወለች ነው።

«መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ‘እማዬ ለእኔ ብላ ነው የማለችው፣ አትቀየሚያት’ አለኝ። እሱ ልጅ ነው፣ ፈርቶ ደበቀ፣ ማርኩት። ይቅርታም የለመነልዎት እሱ ነው። እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎት።»

ለእኔ ብላ። እንዲህ ነው የነገራት። ለእኔ ብላ… እያወቅኩ ለእሱ ብዬ! አልዋሸም፣ አንድም ቃል አልዋሸም። ለእሱ ብዬ ነው የማልኩት፣ ሥራውን በጣት ሲያሳዩበት ነዶኝ። የቀረው አንድ ቃል ነው። አላወቀችም የምትለዋ። እሷን አስቀራት። ሚስማር የማታክል።

«አላወቅኩም ነበር ነፊሳ» አልኳት።

ጨርቁን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ነበረ… ልትሰማኝ ፈልጋለች ልበል? መስሎኝ ይሆን?

«ይማሉልኛ።»

ምላሴ ለምዷል። ሮ… ብሎ ጀመረ። ያዝኩት። በማን ልማል? በእሱ ካልኩ ሁለተኛ ገደለችው ትላለች። በልደታ ብምል፣ በልጁ የዋሸች በማርያም ምን ይገዳታል ትላለች። ደግሞስ ብታምነኝ? ካመነችኝ እኮ እሱ ቆሞ ሰማ ማለት ነው። ሙት ስል ሰማ፣ ግድግዳዋ ሲፈርስ ሰማ፣ እግሯ ላይ ወድቆም ዋሻት ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ሚዜ የሚቆመው ማን ሊሆን? በእጇ ያጎረሰችውን ነው የምትተፋው። ልጁን እኔ አንዴ ገድዬዋለሁ በአፌ፣ ካመነችኝ ደግሞ እሷ ትገድለዋለች በሆዷ።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት እዚያ ቆሜ ነው? እንጃ። አሁን ስጽፈው ነው የተደረደረልኝ። እዚያማ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር። አፍ ያላት ማናለብሽ፣ ለሰፈር ነገረኛ መልስ የማታጣ። ሰው መጣ፣ እንቁላል አለ ወይ አለ። ዞራ አስተናገደችው።

ትሬዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው በዛብኝ።

ሮቤራ ሱፉን ለብሶ የዓሣው መስታወት ፊት ቆሟል፣ መልኩን ሊያይበት። ያምርበታል። አባቱን ይመስላል፣ ትከሻው ላይ። ክራቫቱን አስተካክይልኝ አለ። አስተካከልኩለት።

ከሥር ነው የመጣሽው? እማ ነፊሳ ደህና ናት? አለኝ።

ደህና ናት አልኩት። ሳልምል።